ሦስት ሰው ባንድ አይሆንም ላላችሁን

ባለፈው ሳምንት ሦስት የግቢያችን ልጆች አራት ዘፈን ይዘው ወደዚህች መጽሔት ክፍል መጡ። አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዷ ድራም። የሚዘፍነው ጊታር የያዘው ነው። አራቱን ዘፈን ለመቅዳት የፈጀባቸው አንድ ክረምት፣ በኪራይ የመጣ አንድ ማይክራፎንና ግድግዳው በፍራሽ የተሸፈነ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሁሉም ተደማምሮ አሥራ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ሰማነው፣ ደግመን ሰማነው፣ ለሌሎችም አሰማን። ከዚያ በየካፌው፣ በየላውንጁና በየዶርሙ የተሰጠውን ፍርድ ለቃቅመን ብናየው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ ዘፈኑ የተነገረ አንድ ቃል የለበትም!

የተባለው ይኸው ነው። «ሦስት ሰው ባንድ አይባልም፤ ነፊዎቹ የት አሉ?» «አራት ዘፈን ምን ሊባል ነው? አልበም ሲሞላ ይውጣ።» «ሮክ ደግሞ የኛ አይደለም።» ፍርድ ሰጪዎቹ ጓደኞቻችን ስለሆኑ ስማቸውን አንጠራም። ሐሳባቸውን ግን ዝም ብለን አናልፈውም። ዝም ብንል ልጆቹ ዘፈኖቹን መሳቢያ ውስጥ ከትተው «አሥር እስኪሞላ» ሊጠብቁ ነው። አሥር እስኪሞላ አንዱ ይመረቃል፣ አንዷ ለአፓረንት ትወጣለች፣ ጊታሩ ይሸጣል። ከኛ በፊት በዚህ ግቢ ያለፉ ስንት ልጆች እንዲህ «እስኪሞላ» እያሉ እንደቀሩ ማን ቆጠራቸው?

ለመሆኑ ባንድ ማለት ስምንት ሰው ነው፣ ከዚያም ውስጥ ሦስቱ ነፊ ናቸው የሚለውን ልክ ማን ሰፋልን? (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር። ኋላም ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቆሙ። እነዚህን አናናንቅም፤ ጥላሁን ገሠሠን ያህል ድምፅ የወጣው ከክብር ዘበኛ ነው። ነገር ግን የሰዉን ብዛት የወሰነው ዜማው አልነበረም። የደንብ ልብሱን፣ ቀለቡን፣ መለከቱን፣ ደመወዙን የሚችል ግምጃ ቤት ስለነበረ ነው። ሰልፍ ላይ አርባ ሰው ሲነፋ ያምራል፤ ጌታው ትልቅ መሆኑን ያሳያል። ዋጋም ነበረው። በ1960 የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ የክብር ዘበኛ ሰው መሆን ለዘፋኙም መዘዝ ሆኖበት ጥላሁን ታስሯል። እንግዲህ ሙዚቀኛው ከሰፈሩ ወጥቶ ጊታሩን በገዛ ገንዘቡ መግዛት ሲጀምር ቁጥሩ መቀነሱ ምን ይገርማል? ከአርባ ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አምስት። ዛሬ ወደ ሦስት ቢወርድ፣ ደመወዝ ከፋይ የሌለው ሰው ሒሳቡን አውቋል ማለት ነው እንጂ ሙዚቃ አንሷል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ጥር ላይ ከመካከላችን የትክል ድንጋይ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ለእኅቱ ሰርግ ጠርቶን ከጎንደር በአይሱዙ ተጭነን ሄደን ነበር። ሰርጉን የያዙት አንድ ሽማግሌ አዝማሪና አንዲት ዘፋኝ ናቸው። ዳሱ ሙሉ ነው፤ ጠላው ይቀዳል፤ እኒያ ሁለት ሰዎች ያንን ሁሉ ሕዝብ ከምሳ እስከ ሌሊት አስነሥተው አስቀመጡት። አንዱ ጓደኛችን፣ ጠላውም ገፋፍቶት ነው መሰል፣ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ቡድናችሁ ስንት ሰው ነው?» አላቸው። «እኔ፣ ማሲንቆዬና እሷ» አሉ። «ከበሮውስ?» «ከበሮውን ሰርገኛው ይመታዋ! እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ሳቅን። ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። አንድ ጭራ ብቻ ያለው ማሲንቆ፣ አንድ ድምፅና አንድ ከበሮ፤ የአርማጭሆ ሰው ሠርጉንም፣ ሽለላውንም፣ ለቅሶውንም በዚህ ሲያደርስ ኖሯል። ከዚህ አገር በቅሎ «ሦስት ሰው አይበቃም» የሚል ሰው የአያቱን ሰርግ ረስቷል።

አራት ዘፈን ያንሳል ስለሚለው ደግሞ። ንጉሡ ሸክላ የማስመጣቱንና የማሳተሙን ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥተውት ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል ሸክላ ሻጭ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ይህን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳተመ። ፋብሪካ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው ህንድ አገር ነው። ስንት ዘፈን ነበረበት? ሁለት! ባለ 45 ዙሯ ትንሿ ሸክላ፣ በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ደቂቃ። ዐምሃ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሸክሎችን መቶ ያህል አወጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናንቆለጳጵሰው፣ ፈረንሳዮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብለው በተከታታይ ለዓለም ያሰሙት፣ አብዛኛው ከነዚህ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክሎች የተለቀመ ነው። ዐምሃ «አሥር እስኪሞላ» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እንሰማ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ዘፈን ብቻ ሲኖርህ ማባከኛ የለህም። የዛሬውን ባለ አሥራ አራት ዘፈን አልበም እስቲ በሐቀኝነት ስሙት፤ ስድስተኛው ላይ ስልካችሁን ያልነካካችሁ እጃችሁን አውጡ።

አሁን የሚያንገበግበንን እንናገር።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ ኖረው በ1981 ለትርኢት አሜሪካ ሄዱ፤ እሱም እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና አንድ የድራም ማሽን ይዞ ካሴት ቀዳ። ልብ በሉ፣ ሦስት ሰው እንኳ አይደለም፣ አንድ! ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው፤ ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ ግን አገር ቤት ገብቶ ተሽጦ፣ ተደምጦ፣ ተረስቶ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ከብዙ ዓመት በኋላ የት አገኘው? ባሕር ዳር! ከዚህ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የግማሽ ቀን መንገድ። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ሰውየውም ከታክሲው ወንበር ተነሥቶ ዓለምን መዞር ጀመረ።

ባሕር ዳር ከኛ ወገን ያልረገጣት የለም። እኛም፣ ከኛ በፊት የነበሩትም፣ አባቶቻችንም በዚያ የካሴት ሱቅ በር ላይ አልፈናል። ገበያው፣ ሱቁ፣ ካሴቱ የኛ ነበር፤ ጆሮው ብቻ የፈረንጅ ሆነ። ይህን ስንጽፍ ፈረንጁን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም እግዜር ይስጠው። የምንነቅፈው «ፈረንጅ ካላደነቀው ጥሩ አይደለም» የሚለውን ያንን የቆየ በሽታችንን ነው። በጎረቤት ዶርም የተቀዳውን አራት ዘፈን ዛሬ ካልሰማነው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ እንግዳ ከአሮጌ ፍላሽ ላይ አግኝቶት «ግሩም ነው» ሲለን «አዎ፣ እኮ አብረን ነው የተማርነው» ብለን ልንኮራ ነው? ማፈር አይሻልም?

ኃይሉ መርጊያ ሲመለስ ደግሞ በምን ተመለሰ? በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጣ። ከጎኑ ቶኒ ባክ ድራም ላይ፣ ማይክ ማይኮውስኪ ቤዝ ላይ። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። በቃ፣ ሦስት ሰው። ስድስት ዜማ። ሮክ አይደለም፣ አንዋሽም፤ ግን ክፍተት ያለው ሙዚቃ ነው። ነፊ በሌለበት ቦታ ባሶ ሲራመድ ይሰማል፤ ኦርጋኑ ዝም ሲል ዝምታው ራሱ ይሰማል። በስምንት ሰው ባንድ ውስጥ ይህ ዝምታ አይገኝም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚሞላው አለ።

«ሮክ የኛ አይደለም» ለሚሉት ብዙ ቃል አናባክንም። ሳክስፎኑስ የማን ነበር? አኮርዲዮኑስ? ጃኖ ባንድ በዚህ መንገድ ሄዶ፣ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ቢል ላስዌል ከተባለው አሜሪካዊ ጋር ሠርቷል። ሎንዶን ያሉት ክራር ኮሌክቲቮች ደግሞ ክራር፣ ከበሮና ዘፋኝ ይዘው ተነሡ፤ ክራሩን ማጉያ ላይ ሰክተው እንደ ጊታር አስጮኹት። እኛ የምንጨምረው አንዲት ነገር ብቻ ነው። የአርማጭሆ ፉከራ ሲጀምር በልጅነቱ የሰማ ሰው የተቆጣ ጊታር ሲጮኽ አይደነግጥም። ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ብለን ግን ልጆቹ ሊቅ ናቸው አላልንም። ይህ ሐሜት ሳይሆን ሒስ ስለሆነ እነሱ ባሉበት የነገርናቸውን እዚህም እንደግመዋለን። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድራሙ ሁሉን ውጦታል፤ ቃሉን ለመስማት ሦስት ጊዜ መልሰን ነበር። ሁለተኛው ግጥም «ጥለሽኝ ሄድሽ» ብቻ ነው፤ ይህን ሬድዮ በነጻ ይሰጠናል። አራተኛው መጨረሻውን አላወቀም፤ ደክሟቸው ያቆሙ ይመስላል። ሦስተኛው ግን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ሦስተኛውን ስሙት። ቤዙ የአንቺሆዬን ቅኝት ከሥር ይዞ አይለቅም፤ ልጅቷ ድራሙን በከበሮ አመታት ትመታዋለች፣ ጉልበቱ ታች፣ መልሱ ላይ፤ ጊታሩ እስከ መሀሉ ድረስ አይገባም። ሲገባ ያ የትክል ድንጋዩ ሽማግሌ ማሲንቆ ትዝ አለን። ግጥሙም ከባለፈው ሁለት ዓመት ወዲህ ከዚህ አካባቢ ደብዳቤ ስላልደረሳት እናት ነው። ማንም ከውጭ አልቀዳላቸውም። ነፊ ቢጨመርበት ይሞት ነበር።

እኛስ ማን ነን? ይህችን መጽሔት የምናዘጋጀው አራት ሰዎች ነን። አንዱ ይጽፋል፣ አንዷ ስቴንስሉን ትመታለች፣ ሁለቱ ማባዣውን ያዞራሉ፤ እጃችን ላይ ያለው ቀለም እስከ ሳምንት አይለቅም። አሥራ ሁለት ገጽ ናት። አንድም ሰው «አራት መቶ ገጽ እስኪሞላ ጠብቁ» ብሎን አያውቅም፤ ቢለንም አንሰማውም ነበር። ታዲያ ለራሳችን የማንቀበለውን ምክር ለሦስቱ ልጆች የምንሰጠው በምን አፋችን ነው?

አራቱን ዘፈኖች የሚፈልግ ፍላሽ ወይም ስልክ ይዞ ይምጣ፤ በነጻ ይገለበጥለታል። ቅዳሜ ከሰዓት ከመጽሔቱ ክፍል ጀርባ ይጫወታሉ። መብራት ካለ በማጉያ፣ ከጠፋ ደግሞ ጠጋ ጠጋ ብለን እንሰማለን። ወንበር የለም፤ ጋቢያችሁን ያዙ። «ባንድ አይባልም» ያላችሁትም ኑ፣ ከበሮ የሚመታ ሰው ሊያስፈልግ ይችላል።