የኮባልት ሞለኪውል ማግኔት፦ ገጹ አስቀድሞ ይታሰብ

ከክብረ መንግሥት በወደራ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚዘልቀው ምድር በማዕድን ሀብቱ የታወቀ ነው። የለገ ደምቢ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ በአዶላ ዙሪያ የኒኬል ላተራይት ክምችት መኖሩም በሥነ ምድር ጥናቶች ተመዝግቧል። ኮባልት በብዙ አገሮች ከእንዲህ ዓይነቱ ኒኬል ጋር ተጎዳኝቶ ስለሚገኝ፣ ይህ ምድር ለኮባልት ምርምር የተመቸ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ለነጠላ ሞለኪውል ማግኔት ጥናት ግን መደምደሚያው ፋይዳ የለውም። አንድ የማስተርስ ጥናት የሚፈጀው የኮባልት ጨው ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ማነቆው ያለው ከማዕድኑ ዘንድ ሳይሆን ከጥያቄው አመራረጥ ላይ ነው።

ነጠላ ሞለኪውል ማግኔት የጎረቤቶቹን ድጋፍ ሳይሻ የማግኔትነቱን አቅጣጫ ለተወሰነ ጊዜ ጠብቆ የሚያቆይ ሞለኪውል ነው። ባሕርዩ በጉልህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሮቤርታ ሴሶሊ፣ ዳንቴ ጋቴስኪና ባልደረቦቻቸው 12 የማንጋኒዝ አቶሞችን ስለያዘ ውህድ ባሳተሙት ጥናት ነው። ኮባልትም በኋላ ትኩረት የሳበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው የኮባልት አዮን 7 የዲ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሊጋንዶቹ ተስማሚ ቅርጽ ሲሰጡት የኤሌክትሮኖቹ የምሕዋር እንቅስቃሴ ከስፒናቸው ጋር ተጣምሮ ማግኔትነቱን በአንድ አቅጣጫ ያጸናዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት የሰልፈር አቶሞች የተከበበ የኮባልት ውህድ ያለ ውጫዊ የማግኔት መስክ ይህን ባሕርይ አሳየ። በ2018 ደግሞ በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል በቀጥታ መስመር የተያዘ ኮባልት፣ በሞገድ ቁጥር ሲለካ በሴንቲሜትር 450 ገደማ የሆነ የኃይል ግድብ እንዳለው ተዘገበ።

የዘርፉ ፉክክር በአብዛኛው በዚህ ግድብ ከፍታ ላይ ያተኮረ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚለካው በክሪስታል ወይም በዱቄት ውስጥ ሲሆን፣ መረጃ እንዲይዝ የታሰበ ሞለኪውል ግን በመጨረሻ በአንድ ገጽ ላይ ማረፍ አለበት። በዚያም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። 12 ማንጋኒዝ ያለው ዝነኛ ውህድ በወርቅ ገጽ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮናዊ ይዘቱ ተለውጦ የማግኔት ትዝታውን አጥቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2009 አራት የብረት አቶሞች ያሉት፣ በሰልፈር መልሕቅ ከወርቅ ጋር የተያያዘ ሞለኪውል ትዝታውን እንደያዘ ታይቷል። በ2014 በቀጭን የማግኒዚየም ኦክሳይድ ንጣፍ ላይ ያረፈ አንድ የኮባልት አቶም 58 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የአቅጣጫ ጽናት አሳይቷል፤ ይህም ለ3ዲ ብረቶች ሊደረስበት ከሚችለው ጣሪያ ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ገጹ የማግኔቱ አካል እንጂ ማስቀመጫው ብቻ አይደለም። ቅርጹ በጥቂት ዲግሪ ቢዛባ ጽናቱ ለሚለዋወጠው ኮባልት ይህ በተለይ እውነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለአገር ውስጥ ላቦራቶሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሁለት ዓመት ጊዜ ያለው ተማሪ ውህዱን ከመሥራቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል። ሞለኪውሉ ገለልተኛ ነው ወይስ ሙሌት ተሸካሚ? አየርና እርጥበት ይችላል? በቫኪዩም ሲሞቅ ሳይበታተን ይተናል፣ ካልሆነስ ከገጹ ጋር የሚያያይዘው መልሕቅ አለው? እነዚህን በክብደት ለውጥ ትንተና፣ በኢንፍራሬድና በሚታይ ብርሃን ስፔክትሮስኮፒ መፈተሽ ይቻላል። የዚንክ አቻውን አብሮ ማዘጋጀትም ይረዳል፤ ዚንክ ማግኔታዊ ስላልሆነ የኮባልቱን ሞለኪውሎች ለማራራቅና የእያንዳንዱን ባሕርይ ለይቶ ለመለካት ያገለግላል።

በፈሳሽ ሂሊየም የሚሠራ ማግኔቶሜትርና እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም በሌለበት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ የማግኔት ትዝታው በ4 ኬልቪን አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መለካት አለበትና። ነገር ግን ውድ መሣሪያ ያላቸው ማዕከላትም ከመትነኛው ምድጃ ሳይወጣ የሚበታተን ሞለኪውል ጊዜያቸውን ይበላባቸዋል። ከመላኩ በፊት የተፈተነ ናሙና ለእነርሱም ትርፍ ነው፤ ለተማሪውም የምርምር ዘመኑን ከብክነት ያድናል።

የቀንጢቻ ታንታለም ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ የተላከው በክምቹ መልክ ነበር፤ እሴት የሚጨምረው ሥራ ሌላ ዘንድ ተከናውኗል። ናሙናውን ብቻ የሚልክ ኬሚስትም ዕጣው ከዚህ አይለይም፤ ስሙ በደራሲያን ዝርዝር መካከል ይገኛል፣ ጥያቄው ግን የሌላ ነው። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴዎች ስለ ማግኔታዊ ሞለኪውሎች የሚቀርብላቸውን ንድፈ ጥናት ሲገመግሙ አንድ ነገር ቢጠይቁ ይበጃል፦ ሞለኪውሉ የሚያርፍበት ገጽ የትኛው ነው፣ እዚያስ ሳይለወጥ እንደሚደርስ በምን ይታወቃል? ይህን የመለሰ ተማሪ ከውጭ ላቦራቶሪ ጋር የሚሠራው እንደ ተባባሪ እንጂ እንደ አቅራቢ አይሆንም።