የንግድ ውድድር ሕግ፡ ገበያን በተመን ሳይሆን በሥርዓት የመምራት ጉዳይ

ኢትዮጵያ ከዕዝ ኢኮኖሚ ተላቃ የነፃ ገበያ ሥርዓትን መከተል ከጀመረች ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። በዚህ ሥርዓት የአብዛኞቹ ሸቀጦችና አገልግሎቶች ዋጋ የሚወሰነው በፍላጎትና በአቅርቦት እንዲሆን ታስቧል። ይሁንና ነፃ ገበያ ማለት ሕግ አልባ ገበያ ማለት አለመሆኑ እሙን ነው። ሻጮች በምስጢር ተስማምተው ዋጋ የሚቆርጡበት፣ አንድ ድርጅት በያዘው ጉልበት ሌላው እንዳይገባ በሩን የሚዘጋበት ገበያ በስም ነፃ ቢባልም በተግባር ነፃ አይደለም። የንግድ ውድድር ሕግ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2057 ተገቢ ያልሆነ ውድድርን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ይዘው ነበር። የእነዚህ ድንጋጌዎች ዋነኛ ትኩረት ግን አንድ ነጋዴ በሌላው ነጋዴ ስም፣ ምልክት ወይም ደንበኛ ላይ ከሚፈጽመው በደል መጠበቅ ላይ ያተኮረ ነበር። ገበያውን ራሱን የጥበቃ ዒላማ ያደረገ ሕግ የወጣው በሚያዝያ ወር 1995 ዓ.ም. በንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 አማካይነት ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችውም በዚያው ዓመት በጥር ወር መሆኑ ይታወሳል።

ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 685/2002 ሲተካ የሸማቾች ጥበቃ ከንግድ ውድድር ጋር ተጣምሮ በአንድ ሕግ ተካተተ፤ ሕጉን የሚያስፈጽም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ከአራት ዓመታት በኋላ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጥቶ የቀደመውን ሻረ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዘረጋው ማዕቀፍ በዋናነት በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን መከልከል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ትልቅ መሆን በራሱ ጥፋት ተደርጎ አለመወሰዱ ነው። አንድ ድርጅት በጥራት፣ በቅልጥፍና ወይም በዋጋ ተመራጭ ሆኖ ቢያድግ ሕጉ አይነካውም። ተጠያቂ የሚሆነው የያዘውን የበላይነት ምርት ለመደበቅ፣ ተወዳዳሪን ለማስወጣት ከማምረቻ ወጪ በታች ለመሸጥ፣ ወይም ተገቢ ያልሆነ ዋጋ ለመጫን ሲጠቀምበት ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ የፀረ ውድድር ስምምነቶች ክልከላ ነው። በአንድ ዓይነት ሥራ የተሰማሩ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን፣ ደንበኛ ወይም የሽያጭ ክልል ለመከፋፈል፣ ወይም በጨረታ ለመመሳጠር የሚያደርጉት ስምምነት ምንም ዓይነት ማስተባበያ አይቀበልም። ሌሎች ስምምነቶች ግን የሚያስገኙት የቴክኖሎጂ ወይም የቅልጥፍና ጥቅም ከጉዳታቸው እንደሚበልጥ ከተረጋገጠ ሊፈቀዱ ይችላሉ። ሦስተኛው ምሰሶ የድርጅቶች ውህደት ቁጥጥር ሲሆን፣ ዓላማውም በውድድር ላይ ጉልህ ጉዳት የሚያስከትል ውህደት ከመፈጸሙ በፊት እንዲመረመር ማድረግ ነው።

ሕጉን በጽሑፍ ማወቅና በሥራ ላይ ማዋል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ በአንድ ከተማ የሚገኙ አምስት የዱቄት ፋብሪካዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በኩንታል ላይ ተመሳሳይ ጭማሪ አደረጉ እንበል። ይህ ብቻውን የመመሳጠር ማስረጃ አይሆንም። የስንዴ ዋጋ ንሮ ወይም የትራንስፖርት ወጪ ጨምሮ እያንዳንዱ በራሱ ስሌት እዚያው ዋጋ ላይ ሊደርስ ይችላል። መርማሪው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ዋጋው ለምን ጨመረ የሚለው ብቻ ሳይሆን ውሳኔው እንዴት ተወሰነ የሚለው ነው። ፋብሪካዎቹ ተሰብስበዋል? ደብዳቤ ተለዋውጠዋል? የስንዴ ዋጋ ሲወርድስ የዱቄቱ ዋጋ አብሮ ወርዷል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ሕግ ብቻ ሳይሆን የምጣኔ ሀብት ዕውቀት፣ የዋጋ መረጃ ክምችትና ትዕግሥት የተሞላበት ምርመራ ያስፈልጋሉ።

ይህ ልዩነት በውል ባልተለየበት ሁኔታ የውድድር ቁጥጥር ከዋጋ ቁጥጥር ጋር ይምታታል። በ2003 ዓ.ም. ስኳርንና የምግብ ዘይትን ጨምሮ በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጥሎ፣ የአንዳንዶቹ አቅርቦት በመስተጓጎሉ በዚያው ዓመት ለአብዛኞቹ መነሳቱ የሚታወስ ነው። ተመን የዋጋ ንረትን ስሜት ለጊዜው ሊያበርድ ይችላል፤ ሆኖም ዋጋው የናረበትን ምክንያት አያስወግድም። ችግሩ ያለው በጥቂት አስመጪዎች ወይም አከፋፋዮች እጅ ሆኖ እርምጃው በቸርቻሪው ሱቅ ላይ ብቻ ሲያርፍ፣ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ይሆናል። በተቃራኒው የአቅርቦት እጥረት ባለበት ገበያ የውድድር ክስ መመሥረት የሌለ ምርት አያመጣም። ስለሆነም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች እርምጃ ከመውሰዳቸው በፊት የችግሩን ምንጭ ለይተው ማወቃቸው ወሳኝነት አለው።

የመንግሥት ሠራተኛው ከውድድር ሕግ ጋር በቅርበት የሚገናኝበት ሌላው መስክ የመንግሥት ግዥ ነው። በጨረታ መመሳጠር በቀጥታ የሕዝብን ሀብት የሚያባክን ድርጊት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቶቹ በግዥ ሰነዶች ላይ ይታያሉ። የተለያዩ ተጫራቾች ሰነዶች አንድ ዓይነት የስሌት ስህተት ሲገኝባቸው፣ ተመሳሳይ ድርጅቶች በተራ ሲያሸንፉ፣ ተሸናፊው የአሸናፊው ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ሲመጣ ወይም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያለ በቂ ምክንያት ሲወጣ የግዥ ባለሙያው ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ምልክቶቹ ብቻቸውን ጥፋትን ባያረጋግጡም ለምርመራ መነሻ ለመሆን ይበቃሉ።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው የሚያወጧቸው መመሪያዎችም ከዚህ አንጻር ሊፈተሹ ይገባል። ለፈቃድ የሚጠየቅ ከአስፈላጊው በላይ የሆነ ካፒታል፣ በጥቂት አቅራቢዎች ብቻ ሊሟላ የሚችል የጨረታ መስፈርት፣ የአንድ አካባቢ ነጋዴ በሌላ አካባቢ እንዳይሠራ የሚከለክል አሠራር ያለ ምንም ሸር ውድድርን ሊገድቡ ይችላሉ። ነጋዴው በስምምነት የሚያደርሰውን ጉዳት መሥሪያ ቤት በመመሪያ ካደረሰው ለሸማቹ ልዩነት የለውም።

ከአደረጃጀት አኳያ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር ለመወሰን በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ራሱን ችሎ ይሠራ የነበረውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተግባራት ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አዛውሯል። የተቋማት መዋሃድ ወጪን ለመቆጠብና ሥራን ለማቀናጀት ይረዳል። በአንጻሩ ንግድን የማስፋፋት፣ ፈቃድ የመስጠትና በውድድር ጥሰት ላይ የመወሰን ኃላፊነቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ የመርማሪውና የወሳኙ አካል ነፃነት እንዴት ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ የሚሻ ነው። ከሳሹም ተከሳሹም በዳኝነቱ ላይ እምነት እንዲያድርባቸው ካልተደረገ ውሳኔው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ተቀባይነቱ ይቀንሳል።

የቴሌኮም ዘርፍ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የተመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ማግኘቱ ይታወቃል። ለዘመናት በአንድ ድርጅት ብቻ ይሠራበት በነበረ ገበያ አዲስ ገቢ ፈቃድ ማግኘቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የኔትዎርክ ትስስርና የመሠረተ ልማት መጋራት ፍትሐዊ ደንብ ካልተበጀላቸው ውድድሩ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጉዳዩ ከአገር ድንበርም ያልፋል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ኮሜሳ በ2004 እ.ኤ.አ. የውድድር ደንብ አውጥቶ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑን በሊሎንግዌ ሥራ አስጀምሯል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤም በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የአህጉራዊ ነፃ ንግድ ቀጣናውን የውድድር ፖሊሲ ፕሮቶኮል አጽድቋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። በር መክፈት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ትናንት በጥቂት የአገር ውስጥ እጆች የተያዘ ገበያ ነገ በጥቂት የውጭ እጆች እንዳይያዝ የሚያደርገው ግን የገቢዎቹ ብዛት ሳይሆን የሕጉ አፈጻጸም ነው። በመሆኑም ለመርማሪዎች ሥልጠና፣ ለገበያ መረጃ ክምችትና ለዳኝነት ነፃነት የሚመደበው ሀብት ከዋጋ ተመን ይልቅ ለሸማቹ ዘላቂ ጥቅም እንደሚያስገኝ መገንዘብ ይገባል።