የበሽተኛው ቋንቋም የሕክምና ትምህርት ነው

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ ያሳርፋል። በሽታውን ሳይሸሽግ ተናግሮ ሰሚ ያጣውንስ ምን እንበለው? በሐረር የሕክምና ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ በአንድ ሐኪም ቤት ለልምምድ ተረኛ በነበረበት ሌሊት፣ ከገጠር የመጣች ወጣት ሴት ሆዷን ይዛ ገባች። የምትናገረው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ጓደኛችን ያደገው በጎጃም ነውና አንድም ቃል አልገባውም። ያመጣት የባሏ ወንድም አማርኛ ይሞክር ስለ ነበር አስተርጓሚ ሆነ። «የወር አበባዋ ከቀረ ስንት ጊዜ ነው?» ቢባል ሰውዬው አፈረና ሌላ ነገር ጠየቃት። እርስዋ ብዙ ተናገረች፤ እርሱ ግን «ሆዴን ይቆርጠኛል ትላለች» ብሎ አሳጠረው። በካርዱ ላይ የሆድ ቁርጠት ተጻፈ፤ ማስታገሻም ታዘዘላት።

ነገሩን የደረሰችበት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አጠገቧ ቁጭ ብላ በቋንቋዋ ብታነጋግራት፣ የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ከማለዳ ጀምሮ ደም እንደሚፈስሳት፣ በመንገድም ራስዋን ስታ እንደ ወደቀች ነገረቻት። ጽንሱ የያዘው ከማሕፀን ውጭ ነበር። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ተረፈች። ያተረፋት ግን የእኛ ትምህርት አይደለም፤ መወልወያዋን አስቀምጣ «እኅቴ፣ ምን ሆነሻል?» ያለቻት ሴት ናት።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም እንዲሁ። በሽተኛው ግን በእንግሊዝኛ አይታመምም። ወደ ሐረር ሐኪም ቤቶች የሚመጣው ሰው ከጁገል ግንብ ውስጥ ሐረሪኛ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ገጠር ኦሮምኛ፣ ከጅጅጋ አቅጣጫ ሶማልኛ ይዞ ነው። ተማሪው ደግሞ ከመላው ኢትዮጵያ ተመድቦ የመጣ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአልጋው ዳር ነው።

ችግሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው በላሆር ሕክምና ተማሩ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአገራቸውን ቋንቋ እንደ ገና መማር ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጅማም ተማሪውን ከኅብረተሰቡ መካከል አውጥቶ በማስተማር ታወቀ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። እንግዲህ ሐኪሙ በመንገድ ለበሽተኛው እየቀረበ ሄዷል፤ በቋንቋ ግን ገና አልደረሰም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ተመርቀን ወዴት እንደምንላክ ሳናውቅ ኦሮምኛና ሶማልኛ መማር ምን ይረባናል?» ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው። በመጀመሪያ፣ ለመማሪያ ሰውነቱን የሚሰጠን የዚህ አገር በሽተኛ ነው፤ ዕዳ አለብን። ሁለተኛም፣ አንድ ጊዜ የሰው ቋንቋ ለመማር የተጋ ሐኪም ወደ ሌላ አውራጃ ቢላክ እንደ ገና መማር አያቅተውም። «ጊዜ የለንም» የሚሉም አሉ። ሆኖም በሸዋ በር ገበያ ሙዝ ለመግዛት ስንል በኦሮምኛ መቍጠርንና መከራከርን በጥቂት ሳምንት ተምረናል። ለሙዝ ያገኘነውን ጊዜ ለሰው ሕይወት እንዴት እናጣለን?

በደቡብ አፍሪቃ የኬፕታውን ዩኒቨርስቲ የሕክምና ተማሪዎች ኮሳና አፍሪካንስ የተባሉትን ቋንቋዎች ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን ይማራሉ፤ ይፈተኑበታልም። ስለዚህ እኛም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ተማሪ ወደ በሽተኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ኦሮምኛን፣ ከሶማልኛና ከሐረሪኛም የመረጠውን አንዱን ለበሽተኛ ጥያቄ በሚበቃ መጠን ይማር። ሁለተኛ፣ በአልጋ ዳር ፈተና ላይ ያለ አስተርጓሚ የበሽተኛን ቃል መቀበል ማርክ ይሰጠው፤ ማርክ የሌለውን ትምህርት ተማሪ እንደማያነብ እኛው ራሳችን ምስክሮች ነን። ሦስተኛ፣ ቋንቋው እስኪታወቅ ድረስ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ምሥጢር የሚጠብቁ ወንዶችና ሴቶች አስተርጓሚዎች ይቀጠሩ። ሴት የማሕፀንዋን ነገር በባሏ ወንድም አፍ እንድትናገር መጠበቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በየመኝታ ክፍላችን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ አፍ የፈቱ ጓደኞች ሞልተዋል። ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢያስከፍት፣ መምህሩም ተማሪውም እኛው ነን። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሦስት ቃል ይበቃዋል፤ «ኤሳ ሲ ዹኩባ?» የት ላይ ያምሃል? መልሱን እስክንሰማ ድረስ ከአልጋው ዳር አንነሣ።