በድምፅ ብልጫ ወደ ሞት

ዓለም በመስከረም 2021 እየተሻማ የተመለከተውን «ስኩዊድ ጌም» የተሰኘ የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማ እኔ ያየሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከማየቴ በፊት ስለ ድራማው የሰማሁት ሁሉ ከሁለት አስተያየቶች አያልፍም ነበር። ገሚሱ ሰው «ደም ብቻ ነው፤ ልጆች እንዳያዩት» ይላል። ከእነዚህ ጋር ክርክር የለኝም፤ በእርግጥም ለልጆች አይደለም። የተማረው ገሚስ ግን «የሰው ልጅ ስግብግብነት ወለል ብሎ የታየበት ሥራ» እያለ ያሞግሰዋል። የምሞግተው እነዚህን ነው።

ላላዩት አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ዕዳ ያጎበጣቸው 456 ሰዎች ወደ አንዲት ደሴት ተወስደው በልጅነታቸው የሚያውቋቸውን ጨዋታዎች ይጫወታሉ፤ ብይም ገመድ ጉተታም አለበት። የተሸነፈ ይገደላል። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር 100 ሚሊዮን ዎን ከጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ ብርሃናማ አሳማ ውስጥ ይጨመራል፤ እስከ መጨረሻው የተረፈ 45.6 ቢሊዮን ዎን ይወስዳል። ጭምብል ያጠለቁ ባለጠጎች መጠጣቸውን እየተጎነጩ በሰዎቹ ይወራረዳሉ።

«ማንም አላስገደዳቸውም» ይላሉ የስግብግብነት ተንታኞቻችን። እውነት ነው፤ ተጫዋቾቹ ውል ፈርመዋል። ውሉ ሦስት አንቀጾች አሉት፦ ተጫዋች ጨዋታውን ማቋረጥ አይችልም፤ አልጫወትም ያለ ይወገዳል፤ አብላጫው ከተስማማ ግን ጨዋታው ይቆማል። ይህችን ሦስተኛ አንቀጽ ልብ ይበሉልኝ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ በሕይወት የቀሩት 201 ሰዎች በእርሷ መሠረት ድምፅ ሰጡ። መቶ ለመቶ ሆኑ። የመጨረሻው ድምፅ የአንድ ደካማ አዛውንት ነበር፤ እርሳቸውም «ይቁም» አሉ። ሁሉም በነፃ ወደየቤታቸው ተሸኙ። ከዚያም ከ201ዱ 187ቱ በገዛ እግራቸው ተመለሱ!

«ይኸው፣ በፈቃዳቸው!» ለመሆኑ የተለቀቁት ወዴት ነበር? ዋናው ገጸ ባሕርይ ጊ-ሁን የተለቀቀው በስኳር ሕመም እግራቸው ወደ ተጎዳ እናቱ ነው፤ የሚያሳክምበት ሳንቲም የለውም። ሳንግ-ዉ፣ ያ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሰፈሩ ኩራት፣ የተለቀቀው ራሱን ሊያጠፋ ወደ ተዘጋጀበት የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ፓኪስታናዊው ሠራተኛ አሊ የተለቀቀው የስድስት ወር ደመወዙን ወደ ከለከለው አሠሪው ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሲሆን በዚያ ክፍል አንድም ጨዋታ የለም፤ ደሴቲቱም አትታይም ማለት ይቻላል፤ የምናየው ሴኡልን ነው። የክፍሉ ርዕስ ግን «ሲኦል» ይላል። ደራሲው ህዋንግ ዶንግ-ህዩክ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይንገረን?

(አሊ ሳንግ-ዉን «ሂዮንግ» እያለ ይጠራዋል፤ በእኛ «ወንድም ጋሼ» እንደ ማለት ነው። ወንድም ጋሼው በብይ ጨዋታው ላይ ምን እንዳደረገው አልናገርም። እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ያንን ክፍል ደጋግመን ብናየው አይከፋም።)

ሌላም አለ። ያዩት ያውቁታል፤ ያላዩት ይቅር ይበሉኝ። እኩል የተከፈለውን ድምፅ የወሰኑት እኒያ አዛውንት በመጨረሻ የጨዋታው ባለቤት ሆነው ተገኙ። ሕዝቡ ሕይወቱን በድምፅ ሲወስን ሚዛኑን የደፋው ባለ ቤቱ ራሱ ነበር ማለት ነው! በ2024 መጨረሻ በቀረበው ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ ምርጫው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይካሄዳል። አሳማው በሞላ ቁጥር «እንቀጥል» የሚለው ድምፅ አይጠፋም፤ አልቀጥልም ያለውም በብልጫ ተሸንፎ ከነነፍሱ ይቀጥላል። ይህን «የሰው ልጅ ባሕርይ» ብሎ ማለፍ ድምፅ መስጫውን ማን እንዳቆመው አለመጠየቅ ነው።

የዕዳው ምንጭም ልብ ወለድ አይደለም። ድራማው በወጣበት በ2021 የደቡብ ኮሪያ ቤተሰቦች ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በልጦ ነበር። ጊ-ሁን የተባረረው «ድራጎን ሞተርስ» ከሚባል ፋብሪካ ነው። ህዋንግ በይፋ እንደተናገረው መነሻው በ2009 በሳንግዮንግ ሞተር የደረሰው ነው፤ ሳንግዮንግም በኮሪያኛ ጥንድ ዘንዶ ማለት ነው። ኩባንያው 2,646 ሠራተኞችን ለመቀነስ ሲወስን፣ ሠራተኞቹ ፒዮንግቴክ የሚገኘውን ፋብሪካ ለ77 ቀናት ይዘው ቆዩ። ውኃ ተቋረጠባቸው፤ ከሄሊኮፕተር የሚያስለቅስ ፈሳሽ ወረደባቸው፤ በነሐሴ ልዩ የፖሊስ ኃይል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀጠቀጣቸው። በተከታዮቹ ዓመታት ከሠራተኞቹና ከቤተሰቦቻቸው 30 ያህል ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋትና በሕመም ሞቱ። በ2013 ደግሞ ፍርድ ቤት ለኩባንያውና ለፖሊስ ወደ 4.7 ቢሊዮን ዎን ካሳ ክፈሉ አላቸው። የተደበደበው ለደብዳቢው ይካስ ማለት ነው!

ያን ጊዜ አንዲት የመጽሔት አንባቢ 47,000 ዎን በፖስታ አድርጋ ላከች፤ የዕዳው መቶ ሺህኛ እጅ መሆኑ ነው። ሌሎች ተከተሏት፤ ዘመቻውም «ቢጫ ፖስታ» ተባለ፤ ድሮ የኮሪያ ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው በቢጫ ፖስታ ነበርና። በሥራ ማቆም ምክንያት በሠራተኞች ላይ የሚጫነውን ካሳ የሚገድበው ሕግ በዚሁ ስም እየተጠራ በነሐሴ 2025 በኮሪያ ምክር ቤት ጸደቀ። ስግብግብ ነው የተባለው ሕዝብ ይህ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ሲደርስ በፍርስራሽ ላይ የነበረችው ኮሪያ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለኢሕአዴግ የልማታዊ መንግሥት ትምህርት ከታይዋን ጋር ዋና አርአያ ሆና ቀረበች። በየአዳራሹ የዕድገት መቶኛዋ ሲደሰኮር፣ ያንን ዕድገት በትከሻው የተሸከመው ሠራተኛ ማኅበር እንዳያቋቁም ስንት ዓመት እንደታገደ የሚያነሳ ጥቂት ነበር። ድርጅቱ በ2019 ከስሟል፤ የኮሪያ ተአምር ግን ዛሬም በመማሪያ ክፍሎቻችን እንደ ንጹሕ ተአምር ይሰጣል። መቼ ነው ሙሉውን ደረሰኝ ለተማሪዎቻችን የምናሳየው?

አትራፊዎቹ ግን አልተኙም። ኔትፍሊክስ በ2023 ይህንኑ ድራማ ወደ እውነተኛ ውድድር ቀየረው፤ 456 ሰዎች ለ4.56 ሚሊዮን ዶላር ተፋለሙ። ጥይቱ ብቻ ቀርቷል። በ2025 ሁለተኛው ዙር ቀረበ፤ ተመዝጋቢም አልታጣም።

እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው ሴሚስተር ስለ ልማታዊ መንግሥት ሳስተምር፣ ከዓለም ባንክ የ1993ቱ «የምሥራቅ እስያ ተአምር» ዘገባ ጎን የፒዮንግቴክን 77 ቀናት አስገባለሁ። «ማንም አላስገደዳቸውም» የሚሉ ባልደረቦቼም ወደ ክፍሉ መጥተው ቢከራከሩኝ ደስ ይለኛል።