ማኅበር ርስት አይደለም

ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ማኅበር ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም። የማናውቀው፥ ወይም እያወቅን የረሳነው፥ ፊደል ቆጥረን፥ ደመወዝ ተቀብለን፥ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ መፈረም የጀመርነው እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው የሩቅ ሰዎችን ታሪክ ለማውራት ሳይሆን ከገዛ ራሳችን ጋር ለመሟገት ነው።

የነገራችን መነሻ ግን ከሩቅ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ የፈረንሳይን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ሊቃውንት አንድ ማኅበር አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልንና፥ የፈረንሳይ ጥናት የተባለው መጽሔታቸው መታተም የጀመረው በ1947 ነው። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ጊዜ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው ጥናታቸውን ያነባሉ፥ ይከራከራሉ፥ ስለ ማኅበራቸውም ይመክራሉ። የፕሬዚዳንቱም ዘመን ሲያልቅ ወንበሩን ለሚቀጥለው ይለቃል። እኛን ያስደነቀን የሊቅነታቸው ብዛት አይደለም። ያስደነቀን ወንበር መልቀቅ በእነርሱ ዘንድ እንደ ማንኛውም የዓመቱ ተራ ሥራ መቆጠሩ ነው።

«የፈረንሳይ ጥናትስ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ምናቸው ነው?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የዳሞትና የጎጃም ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በቤታቸው ያኖሩትና በዘመቻቸው የተከተላቸው አርኖ ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ፥ በ1868 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ስለ እርሳቸውና ስለ አገራችን ሰው ኑሮ በሰፊው ጽፎአል። ከጣልያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በመጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተረቀቀው ረኔ ዳቪድ በሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነው። እንግዲህ የራሱን ወረዳ ታሪክና የራሱን ሕግ ምንጭ ሊመረምር የሚፈልግ የጎጃም ተማሪ ፈረንሳይኛ ቢማር እንደ ቅንጦት ሊቆጠርበት አይገባም።

እኛም ይህን አስበን ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት፥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንደኛው፥ 14 ሰዎች ሆነን የፈረንሳይኛ መማሪያና የመጻሕፍት ማንበቢያ ክበብ አቋቋምን። ከፊሎቻችን መምህራን፥ ከፊሎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ነበርን። ቋንቋውን በአዲስ አበባ የተማረ አንድ ወንድማችን አስተማሪያችንም ሊቀ መንበራችንም ሆነ። ከየደመወዛችን አዋጥተን ሁለት መዝገበ ቃላትና ጥቂት መጻሕፍት ገዛን፤ አንድ ቁም ሳጥንም አሠራን። ሊቀ መንበሩ የተመረጠው ለአንድ ዓመት እንደ ሆነ በመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ስብሰባው ለጊዜው ተላለፈ። ሁለተኛው ዓመት ሲሞላም እንደዚሁ ተላለፈ። በሦስተኛው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ ስለ መዋጮው ቢጠይቅ፥ ሊቀ መንበሩ «እምነት አጣችሁብኝ ማለት ነው» ብሎ አዘነ፤ እኛም ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን። ከዚያ በኋላ አንዱ ቀረ፥ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻም ሊቀ መንበሩ በሥራ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የቁም ሳጥኑ ቁልፍ አብሮት ሄደ። ከብዙ ወራት በኋላ በሩ ቢሰበር መጻሕፍቱን ምስጥ በልቶአቸዋል። መዝገቡም ሲገለጥ ከመጀመሪያው ገጽ በቀር የተጻፈበት አልነበረም። ከገጠር በእግርዋ እየመጣች ከእኛ ጋር ትማር የነበረች አንዲት ተማሪ፥ ከመዝገበ ቃላቱ የተረፉትን ቅጠሎች ለቃቅማ በነጠላዋ ቋጥራ ወሰደች። እኛ ደመወዝተኞች ቆመን አየናት።

ስለዚያ ሰው እውነቱን መናገር ይገባናል። ሌባ አልነበረም። እንዲያውም ከሁላችን አብልጦ የደከመው እርሱ ነበር። ጥፋቱ ማኅበሩን እንደ ርስቱ መቍጠሩ ነው። የእኛ ጥፋት ደግሞ ርስት ነው ብሎ ሲይዘው እንደ ጭሰኛ መቀመጣችን ነው። በአሁኑ ጊዜም ይኸው ደዌ በብዙ ክበብና በብዙ ማኅበር ውስጥ ስለሚታይ፥ ለማስታመሚያ የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ልንመረምራቸው እንወዳለን።

የመጀመሪያው ምክንያት «ሌላ የሚመራ ሰው የለም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ከቢሮው ወጥቶ እስከ ማንኩሳ ገጠር ድረስ ይሂድና የጽዋ ማኅበርን ሥርዓት ይይ። በታቦቱ ቀን ተረኛው እንደ አቅሙ ጠላውን ጠምቆ ዳቦውን ጋግሮ ይጠብቃል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ሙሴው ማኅበርተኛውን ያስተናብራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ በክብር ይሸኛል። ባለጸጋው «ቤቴ ሰፊ ነውና ጽዋው ከእኔ ዘንድ ይክረም» አይልም፤ ድኻውም «ቤትህ ጠባብ ነውና ተራህ ይለፍህ» አይባልም። አንድ ጊዜ የክበባችንን ነገር ለአንድ አረጋዊ ሙሴ ብናጫውታቸውና «ሌላ የሚመራ ሰው ጠፍቶ ነው» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ ሰው ከጠፋ ማኅበሩ ከማን ጋር ነበር?» ሲሉ መለሱልን። ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘንም። ተተኪ የሌለው መሪ ተተኪ ማሳደግን ከሥራው ያልቈጠረ መሪ ነው፤ የሌሎችን ማነስ ሲናገር የራሱን ሥራ ጉድለት መናገሩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «የመሠረተው እርሱ ነውና መብቱ ነው» የሚለው ነው። ይህም በጎጃም ምድር ሊነገር የማይገባው ቃል ነው። የዋሸራ ቤትና የጎንጅ ቤት የሚባሉት የቅኔ ቤቶች እስከ ዘመናችን የደረሱት አንድ መምህር ወንበሩን ሙጥኝ ብሎ ስለ ያዘ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ የተማረው ደቀ መዝሙር ቅኔውን ሲፈጽምና ሲያስመሰክር መምህሩ መርቆ ይሰደዋል፤ እርሱም በሌላ አገር ጉባኤ ይዘረጋል፥ ወንበር ይተክላል። የመምህሩ ክብር የሚለካው በተቀመጠበት ዘመን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ወጥተው ወንበር በተከሉት ብዛት ነው።

ፈረንሳዮችም ቢሆኑ ከዚህ የራቀ አልሠሩም። የአርኖ ወንድም አንቷን ዳባዲ አገራችንን ለዐሥር ዓመት ያህል፥ ከ1838 እስከ 1848፥ ሲመረምር ከኖረ በኋላ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ የሄደ፥ በ1881ም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። ይህ ሊቅ በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ስንት ዓመት ተቀመጠ ቢባል፥ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ስለ ነበረ ወንበሩን አስረክቦ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ማንኛውም አባል ተቀመጠ። በዚህ ክብሩ አልጐደለም። እንግዲህ ዳባዲን የሚያህል ሰው ታላቁን አካዳሚ በአንድ ዓመት ሲለቅ፥ የእኛ ሊቀ መንበር ሁለት መዝገበ ቃላት ያለበትን ቁም ሳጥን መልቀቅ እንደ ሞት ለምን ይከብደዋል?

የክብደቱን ምክንያት እናውቀዋለን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት በጆሮአችን ውስጥ ስላደገ ነው። በዚህ ተረት መሠረት ሹመት መብል፥ ሽረትም ረኀብ ነው። የማኅበር ወንበር ግን መብል የለበትም፤ ያለበት ሸክም ብቻ ነው። ሸክም የሚያወርዱለት ሰው ደግሞ ማመስገን እንጂ ማኩረፍ አይገባውም። ወንበሩን አልለቅም የሚል ሰው ስናይ፥ ወይ ሸክሙን አልተሸከመም፥ ወይ ከሸክሙ ሥር የሚበላ ነገር አግኝቶአል ብንል ማን ይፈርድብናል?

ሦስተኛው ምክንያት «ሹም ሽር ጠብ ያመጣል» የሚለው ነው። ጠብ የሚያመጣው ቀን ያልተቈረጠለት ሹም ሽር ነው። ቀኑ ካልታወቀ ለመሻር ማማት፥ ላለመሻር ማሤር የግድ ይሆናል። ቀኑ የታወቀ እንደ ሆነ ግን ሹም ሽር እንደ መስከረም መጥባት ነው፤ ዘመን ተለወጠብኝ ብሎ በመስከረም የሚያኰርፍ ሰው አላየንም።

አራተኛው ምክንያት «ዓመታዊ ስብሰባ ወጪ ማብዛት ነው» የሚለው ነው። እኛም ለሆድ ብቻ የሚደረግ ስብሰባ እንደማያስፈልግ እንስማማለን። ነገር ግን ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚደረገውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንመልከት። በ1959 በሮም ተጀመረ፤ በ1963 በማንቸስተር፥ በ1966 በአዲስ አበባ ተደረገ፤ በ1977 ኒስ፥ በ1988 ፓሪስ፥ በ1997 የጃፓኗ ኪዮቶ ተቀበሉት። ይህስ ከጽዋ ማኅበር በምን ይለያል? ጉባኤው ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር ጽዋ በተረኞች እጅ እየተላለፈ የአንድን አገር ጥናት አቆየ። በአገራችንም በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት እየተፈራረቁ መርተውታል። ፓንክረስት ወንበሩን ስለ ለቀቁ ስማቸው አልጠፋም፤ ተቋሙም አልተዘጋም።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የማኅበርን የበላይ ሥልጣን የሰጠው ለጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤው ካልተጠራ ግን የበላዩ አካል ተኝቶአል ማለት ነው፤ የበላዩ ሲተኛ የበታቹ ንጉሥ ይሆናል። የትናንሽ ክበቦቻችንም ነገር ከዚህ አይለይም።

ትችት ብቻ ጽፎ መለየት የሰነፍ ሥራ ስለሆነ የምንመክረውን በአጭሩ እንናገራለን። ክበብ ወይም ማኅበር የምታቋቍሙ መምህራን፥ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ሊቀ መንበር ከመምረጣችሁ በፊት የሚለቅበትን ቀን ጻፉ። ዓመታዊውን ስብሰባ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቀን አድርጉት፤ ማንም ሳይጠራው ይምጣ። በዚያን ቀን ስለ ገንዘቡ፥ ስለ ንብረቱና ስለ ተሠራው ሥራ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይነገር። ቁልፉ፥ መዝገቡና ማኅተሙ በጉባኤው ፊት ከእጅ ወደ እጅ ይሰጥ። የለቀቀውም ሰው ተመስግኖ፥ ከበር አጠገብ ሳይሆን ከመካከላችን ይቀመጥ፤ ምክሩ ያስፈልገናልና። ደግሞም አባል የሆንህ ሁሉ፥ መጠየቅን እንደ ስድብ አትቍጠረው፤ ይሉኝታ መልካም ጠባይ ቢሆንም መጻሕፍትን ከምስጥ አያድንም።

እኛም ከተናገርነው ጀምረናል። ከቀድሞዎቹ 14 ሰዎች መካከል የቀረነው ስድስት ስንሆን፥ አዲስ ክበብ ለማቋቋም ተስማምተናል። ዕቃ ከመግዛታችን፥ ስምም ከማውጣታችን በፊት ያን ባዶ መዝገብ አውጥተን በሁለተኛው ገጹ ላይ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የሚለቅበትን ቀን፥ ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፍንበት። የሊቀ መንበሩ ስም ግን ገና አልተጻፈም። ለቁም ሳጥኑም ሁለት ቁልፍ አሠርተናል።