ከመወሰን በፊት መመዘን

ነጋዴ ሚዛኑን ሳያይ የዕቃ ዋጋ አይከፍልም። የሕዝብን ኑሮ የሚነካ ውሳኔ ሲቈረጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው የገንዘቡ ትርፍና ኪሣራ ብቻ ነው። በነጋዴ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዘመን ደብዳቤና ሒሳብ ስጽፍ የኖርሁ እንደ መሆኔ፥ በዚህ ነገር ያለኝን አስተያየት ለክቡራን አንባብያን ላቀርብ እወዳለሁ።

በሂማልያ ተራሮች ላይ የምትገኘው ትንሿ ቡታን የሀገርን ዕድገት በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ደኅንነትና ደስታ ለመለካት ቈርጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጸናው ሕገ መንግሥቷም መንግሥት ለዚሁ እንዲጥር ያዝዛል። አሳቡ በቃል ብቻ እንዳይቀር፥ አዲስ ፖሊሲ የሚመዘንበት 22 ጥያቄዎች ያሉት ሰንጠረዥ ተዘጋጀ። ስለ ጤና፥ ስለ ገቢ፥ ስለ ባህል፥ ስለ ውሃና አየር፥ ሰው ለቤተ ሰቡ ስለሚተርፈው ጊዜ ጭምር ይጠየቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጥ ነበር። 3 ማለት አይጠቅምም አይጐዳም ማለት ስለ ሆነ፥ ለማለፍ ድምሩ 66 መድረስ ነበረበት።

ለንግድ ሰው ትምህርት የሚሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። ቡታን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን እ.ኤ.አ. በ1999 አመልክታ ነበር። ነገሩ በሰንጠረዡ ከመመዘኑ በፊት ከመከሩት ሹማምንት አብዛኞቹ ደገፉት፤ አንድ በአንድ ነጥብ ከሰጡ በኋላ ግን አብዛኞቹ ተቃወሙት። ከዓመታት በኋላ መንግሥቷ ጥያቄውን መልሶ አነሣው። ይኸውም ሰንጠረዡ ፈራጅ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ሥራው ፈራጁ ያላየውን ማሳየት ነው።

ነጥቡን የሚሰጠው ሰው ስለ ሆነ ማዳላቱ አይቀርም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የተዛባ ሚዛን የሚታወቀው በአደባባይ ሲቀመጥ ነው፤ በልብ ውስጥ የተመዘነውን ማን ያርመዋል?

ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. ለዚሁ ድርጅት አመልክታለች። ገበያ በሰፊው ሲከፈት ለአስመጪው፥ ለላኪውና ለባለ ሱቁ የሚደርሰው አንድ አይደለም። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን እንዲህ ያለ ከባድ ጕዳይ በተነሣ ቍጥር ባለ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ለአባላቱ ቢያድል፥ ሦስቱም ወገኖች ለየብቻቸው ነጥባቸውን ቢሰጡ፥ ድምሩም በዚህ ጋዜጣ ቢታተም መልካም ይመስለኛል። «ተጐዳን» ብሎ ከመጮኽ፥ ማን በምን እንደሚጐዳ አስቀድሞ በቍጥር ማስረዳት ይበልጣል።