የዕድሩ ድስትና የዶክተሩ ቁልፍ

የሰፈራችን ዕድር ድስት አለው። አንድ ብቻ አይደለም፤ ትልልቅ ድስቶች፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሳህንና ኩባያው ሳይቀር በቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ዕቃ ማንም ለብቻው አይገዛም። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አበል ይከፈለዋል። ድንኳኑ ሲቀደድ ከወርሃዊው መዋጮ ወጪ ተደርጎ ይሰፋል። ዕቃ ያጎደለ ይከፍላል፤ አርጅቶ የተሰበረ ግን የማኅበሩ ዕዳ ነው። ይህንን ሥርዓት ያወጡት ዶክተሮች አይደሉም። አንዳንዶቹ በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራ የሚያሳርፉ እናቶችና አባቶች ናቸው።

ይህን ማንሳቴ ስለ ለቅሶ ላወራ አይደለም። ስለ ሳይንስ ላወራ ነው።

ፊዚዮሎጂ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪውን የሠራው በአዮን ቦዮች ላይ ነው። አዮን ቦይ ማለት በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለች፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን፣ እነ ሶዲየምን፣ ፖታሲየምንና ካልሲየምን የምታሳልፍ በር ናት። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ይህን የምታነቡበት ዓይን ያየውን ለአንጎል የሚያደርሰው እነዚህ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ነው። ወዳጄ «አገሬ ገብቼ ልሥራ» ብሎ መጣ። ያስገደደው ሰው አልነበረም።

በቀደም ለት የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ አስጎበኘኝ። ስሙን አልጠራም። የአዮን ቦይ ጥናት ዋና መሣሪያ ፓች ክላምፕ ይባላል። ጫፏ አንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነች የመስታወት ቱቦ ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ትለጠፍና በአንዲት በር የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ትለካለች። መለኪያው ፒኮ አምፒር ነው፤ የአንድ አምፒር አንድ ትሪሊዮንኛ ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ምልክቱን የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጩኸት የሚከላከል የብረት ቀፎ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን አየሁ መሰላችሁ? ማይክሮስኮፑ ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። አምፕሊፋየሩ በእርዳታ የመጣ ነው፤ ሕክምናው በኩል ከነካርቶኑ አለ። የማይነቃነቀው ጠረጴዛ ፊዚክስ ዘንድ ነው፤ የፈተና ወረቀት ተቆልሎበታል። ድስቱ አንዱ ቤት፣ ክዳኑ ሌላው ቤት፣ ማማሰያው ሦስተኛው ቤት! የባዮሎጂው ቁልፍ የት እንዳለ ስንጠይቅ «ዶክተር ይዘውት ሄደዋል» ተባልን። ወዴት? ውጭ አገር፤ ለምርምር።

«ለመሆኑ በእኛ አገር የአዮን ቦይ ጥናት ምን ይሠራል? ያልተሟላ ስንት ነገር እያለ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትውጣት የደም ግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒን፣ የምትሠራው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያሉ የካልሲየም በሮችን በመዝጋት ነው። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ማደንዘዣ፣ ሊዶካይን፣ የሶዲየም በሮችን ይዘጋል። ኦንኮሰርካ ባለባቸው አካባቢዎች የሚታደለው አይቨርሜክቲን በትሉ ሰውነት ያሉትን የክሎራይድ በሮች ከፍቶ ሽባ ያደርገዋል። ቅንጦት የምንለውን ነገር በየቀኑ በውኃ እየዋጥነው ነው።

ይባስ ብሎ ሚጥሚጣው አለ። ምላሳችንን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚከፍተውን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው ያሳወቁት ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋሩበት። እኛ በልተን አለቀስን፤ እነሱ ለምን እንዳለቀስን ነገሩን።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ይገዛሉ» እንዳትሉኝ። አሜሪካኖቹ በብሔራዊ የጤና ተቋማቸው በኩል በ1982 ለጋራ መሣሪያ ብቻ የሚውል የገንዘብ ድጋፍ ጀመሩ። ደንቡ፣ ቢያንስ ሦስት ተመራማሪዎች በመሣሪያው እንደሚገለገሉ አሳዩ ይላል። ያ ሁሉ ሀብት ያለው አገር «ለብቻህ ከሆነ አልሰጥህም» ካለ፣ እኛ በምን አቅማችን ነው በየክፍሉ የምንቆልፈው?

የዚህ ነገር ዋጋ ምን እንደሆነ ከእንዶድ ታሪክ መማር ነበረብን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ናቸው። እንዲህ ያለ ግኝት ይዘው፣ እዚህ የተሠራው ሥራ በውጭ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም እየተባሉ ዓመታት አለፉ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ያሰሙት ቅሬታ ሁለት ነበር፤ የመሣሪያ እጥረት፣ እንዲሁም አፍሪካ ውስጥ ለተሠራ ምርምር ያለው ንቀት። ንቀቱን ብቻችንን አናስወግደውም። ካርቶኑን ለመክፈትስ የማንን ፈቃድ ነው የምንጠብቀው?

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን አንድ ነገር ልናገር። ቁልፉን ይዘው የሄዱትን ዶክተር መጀመሪያ ላይ ረግሜያቸው ነበር። ኋላ ወዳጄ ነገሩን አስረዳኝ። የመንግሥት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። በሞዴል 22 የፈረመ ሰው ዕቃው ቢሰበር ተጠያቂ ነው። ሙሉው ፓች ክላምፕ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ መቶ ሺሕ የሚያልፍም አለ። ይህን ከመምህር ደመወዝ ቁረጡ ቢባል የልጅ ልጁም ከፍሎ አይጨርሰው። እንግዲህ ዶክተሩ ምን ያድርጉ? እኔም ብሆን እቆልፈዋለሁ። ጥፋቱ «የጋራ» የሚባል ሣጥን የሌለው ቅጽ ላይ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። መንግሥትም ሆነ ለጋሽ፣ መሣሪያ ለመግዛት ብር ሲመድብ በዚያው ሰነድ ላይ ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆነውን ይመድብ፤ ካልመደበ አይግዛ። መሣሪያው ለአንድ ዶክተር ሳይሆን ለአንድ የጋራ ቤተ ሙከራ ይፈረም፤ በሥራ ላይ ሲበላሽ ዕዳው የተቋሙ ይሁን። ስለ መሣሪያው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ደመወዝና እድገት ያለው ባለሙያ ይቀጠርለት። ተራ የሚያዝበት መዝገብ በር ላይ ይቀመጥ፤ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲም መጥቶ ይመዝገብ። ሪባን ለመቁረጥ የሚሰለፈው ባለሥልጣን ደግሞ በዓመቱ ተመልሶ መዝገቡን ይቁጠር፤ ስንት ሰው ተጠቀመ? ስንት ተማሪ ተመረቀበት?

ወዳጄ ዛሬም ለተማሪዎቹ ፓች ክላምፕን የሚያስተምረው በሥዕል ነው። ድሮ ያስተማረው ፕሮፌሰር «ቦታ አለ፤ ና» እያለ ይጽፍለታል። እስካሁን እሺ አላለም። ቢሄድ «ምሁራን አገራቸውን ከዱ» ብለን ስብሰባ እንጠራ ይሆናል፤ ማይክሮስኮፑን ከፕላስቲኩ ለማውጣት ግን ስብሰባ ሲጠራ አላየሁም።

ማታ ቤት ገብቼ ያየሁትን ለእናቴ ነገርኳት። ግማሹ አልገባትም። የገባትን ያህል ሰምታ ግን «ታዲያ አንድ ዕቃ ጠባቂ ቀጥረው አንድ ቤት አያስቀምጡትም?» አለችኝ።

እሷ የዕድሩ ዕቃ ግዥ ኮሚቴ አባል ናት።